ያ ባነር የት ገባ?

ሰው ሲሞት የት እንደሚሄድ ቄሱም፣ ሼኩም፣ ፓስተሩም መልስ አላቸው። ፊልም ሲያልቅ የት እንደሚሄድ ግን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ኧረ ስለ ታሪኩ አይደለም የማወራው። ዕቃውን ነው የምለው። ጥቅሉ፣ ቆርቆሮው፣ በር ላይ የሚሰቀለው ያ ትልቅ ባነር የት ነው የሚገባው? እኔም ጠይቄ አላውቅም ነበር። መልሱን ያገኘሁት ገለምሶ፣ ዝናብ እየወረደብኝ፣ በደረቴ ተደፍቼ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ልቤ ወደ ቦታዋ የተመለሰች አይመስለኝም።

አስቀድሜ ላስጠንቅቃችሁ፤ እኔ ድንጉጥ ነኝ። በር ሲንኳኳ እደነግጣለሁ። ስልክ ሲጠራ እደነግጣለሁ። ስልክ ሳይጠራ ሲቀር ደግሞ ምን ሆነው ነው ብዬ እደነግጣለሁ። ከደብረ ብርሃን የሒሳብ መምህር ሆኜ ጭሮ የተመደብኩት የዛሬ ስምንት ዓመት ነው። ገና ስገባ ነው የጀመረኝ። ትኬቴ ላይ ጭሮ ይላል፣ ከጎኔ የተቀመጡት አዛውንት «አሰበ ተፈሪ ደረስን» ይላሉ። ከተማዬን አለፍኩት ብዬ ከመኪናው ልዘል ነበር። አንድ ከተማ ሁለት ስም እንዳላት የሚነግረኝ ሰው ጠፍቶ!

በዚችው ባለ ሁለት ስም ከተማ አንድ አሮጌ አዳራሽ አለ። ስብሰባ ሲኖር የስብሰባ አዳራሽ ነው፣ ሰርግ ሲኖር የሰርግ፣ ፊልም ሲመጣ ደግሞ ሲኒማ ቤት። ጠባቂውም፣ አስተናባሪውም፣ በድሮው ዘመን የፊልም ማሽኑን ያንቀሳቅሱ የነበሩትም ጋሽ ሽፈራው ናቸው። ጋሽ ሽፈራው አንድ መመሪያ አላቸው፤ «ሲኒማ ቤት ምንም አይጥልም» ይላሉ። እኔ ይሄን ስሰማ የቁጠባ ምክር መስሎኝ ነበር። ለካስ ማስጠንቀቂያ ነው።

አንድ ቀን አዳራሹ ፊት ለፊት ሳምቡሳ የሚሸጡት አዴ ዘሃራ ጋ ሄጄ ሦስት ይስጡኝ አልኳቸው። ከፊታቸው ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ ክዳን ያላቸው ቆርቆሮዎች ተደርድረዋል። አንዱን ከፈቱት፣ ባዶ ነው። «ክፍል ሦስት አልቋል፤ ከክፍል አንድ ላውጣልህ?» አሉኝ። የምን ክፍል? ጠጋ ብዬ ክዳኑን ባየው በነጭ ቀለም «ክፍል ፫» ተብሎ ተጽፎበታል። የድሮ ፊልም ጥቅል መያዣ ነው! ክፍል ሁለት ውስጥስ ምን አለ ብላቸው፣ ቃሪያ ነው አሉኝ። የሰጧቸው ጋሽ ሽፈራው ናቸው። ክዳኑ ግጥም ስለሚል ሳምቡሳው ሙቀቱን አይለቅም። እኔ አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ፣ ሰዉ ግን ክፍል አንድን እያላመጠ ወደ ሥራው ይሄዳል።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ወደ ሂርና ስሄድ ሚኒባሱ ጎማ ፈነዳበት። ወርደን መንገድ ዳር ቆመን ሳለ፣ ያሸተ ማሽላ ላይ ጥቁር ነገር ሲብለጨለጭ አየሁ። ከማሳው ዳር እስከ ዳር ተወጥሯል፣ ነፋስ ሲነካው ይንጫጫል። ሄጄ ብይዘው የተተረተረ የፊልም ጥቅል ነው። ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጌ ባየው፣ ወይ ጉድ! ወንድና ሴት እየተሳሳሙ ነው። ትንሽ ራቅ ብዬ አየሁ፣ አሁንም እየተሳሳሙ ነው። አሥር እርምጃ ሄድኩ፣ እነሱ እቴ! አልተላቀቁም። የማሳውን ባለቤት «አባ፣ ይሄ ምን እንደሆነ ያውቃሉ?» ብላቸው፣ «ወፍ ይፈራዋል» አሉኝ፤ ሌላ ምን እንዲሆን ፈለግህ በሚል ዓይን እያዩኝ። እኔ እንኳ ፈርቼዋለሁ፣ ወፍማ ቢፈራው ምን ይገርማል?

አሁን እንግዲህ የጥቅል ዘመን አልፏል። ፊልም በፍላሽ ሆኖ ኪስ ውስጥ ነው የሚመጣው። ፍላሽ ደግሞ ሳምቡሳ አይዝም፣ ወፍ አያባርር። የቀረው ባነሩ ነው። ስለዚህ የአገሩ ሰው ዓይን ሁሉ ባነሩ ላይ ነው። እናንተ ባነር ስታዩ ተዋናዩን ነው አይደል የምታዩት? እዚህ ሰው መጥቶ መጀመሪያ ጫፉን በሁለት ጣቱ ያሸዋል። ውፍረቱን እየፈተሸ ነው። ቀጥሎ በእርምጃ ይለካዋል። ከዚያ ጋሽ ሽፈራው ጋ ገብቶ «ይሄ ፊልም መቼ ነው የሚወርድልን?» ይላል። የጫት መኪና ይሸፈንበታል፣ የፍየል ጉረኖ ይከደንበታል፣ ቡና ይሰጣበታል። ወረፋም አለው። ፊልሙ ገና ሳይታይ ባነሩ ባለቤት ያገኛል። እኔ በዓይኔ ያየሁት ነው፤ አንድ ሰውዬ ፊልሙን ሳይገቡ በር ላይ ቆመው ባነሩን ብቻ አይተው «በጣም ጥሩ ፊልም ነው፣ ውሃ አያስገባም» ብለው ሄዱ።

አንድ ቀን ደግሞ አንድ ሀጂ መጡ። አሰላሙ አለይኩም ብለው ተቀመጡና፣ ቤታቸው ውስጥ የሰው ምስል መዘርጋት እንደማይወዱ በትህትና አስረዱ። ከዚያ «ሰው የሌለበት ፊልም የላችሁም?» ብለው ጠየቁ። እኔ ሳቄን ልይዘው ስታገል ጋሽ ሽፈራው ምንም አልመሰላቸውም። አሰብ አደረጉና «ለሚቀጥለው ወር አንድ ሰው ብቻ ያለበት ይመጣል። እሱን ቆርጬ አወጣልዎታለሁ» አሉ።

እሺ፣ ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። የዛሬ አምስት ዓመት የከተማችን ልጆች ፊልም ሠሩ። ርዕሱን አልነግራችሁም፣ ትፈልጉታላችሁ። ሰካራም ባል የሚሆን ሰው ጠፋ። ጭሮ ውስጥ ሰካራም ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ! ለፈተና የመጡት አምስት ሰዎች አምስቱም ሞቅ ብሏቸው ስለመጡ ቃላቸውን መያዝ አቃታቸው። ሰካራም ለመሆን ያልጠጣ ሰው ያስፈልጋል ተባለ። መጠጥ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ጴንጤ ተብሎ ከመምህራኑ መሀል የሚታወቀው ደግሞ እኔ ነኝ። ምን ነክቶኝ እሺ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ቀዝቃዛ ሻይ ነው። በሻይ አንድ ሳምንት ሙሉ ሰከርኩ።

ፊልሙ የሚመረቅ ቀን አዳራሹ በር ላይ ስደርስ ክው ብዬ ቀረሁ። የእኔ ፊት! ቁመቱ ሁለት ሜትር! ዓይኔ ግማሽ ተከድኖ፣ ከንፈሬ ተንጠልጥሎ፣ ጠርሙሱን ወደ ሰማይ አንስቼ። ዋና ተዋናይ እንኳ አይደለሁም እኮ! ለምን እኔን ብዬ ብጮህ፣ «ሰው የሚያቆመው ያንተ ፊት ነው» አሉኝ። በማግስቱ ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ ባዶ እጃቸውን እንደ ብርጭቆ አንስተው «ለጤናችን ቲቸር!» ብለው ተቀበሉኝ። ያን ቀን ያስተማርኩት ምን እንደነበር አላስታውስም።

ፊልሙ ሦስት ሳምንት ታይቶ ወረደ። ባነሩ በነጋታው የለም። የት ገባ ብላቸው ጋሽ ሽፈራው «ርዕሱ ያለበትን ከላይ ቆርጬ ለትኬት መስኮቷ መጋረጃ አደረግኩት። አንተን ግን አንድ ደህና ሰው ወስዶሃል፣ አትስጋ» አሉኝ። ደህና ሰው ማን ነው? ስሙን አልጠየቅኩም አሉ። የት ወሰደኝ? «ገጠር» አሉ። እፎይ አልኩ። ገጠር ከሆነ ፀሐዩ ቀለሙን ያስለቅቀዋል፣ ጉዱም ይረሳል ብዬ ተጽናናሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚሉት ለእኔ ዓይነቱ ነው።

በዓመቱ ሌንሳ መጣች። ነርስ ናት፣ የገለምሶ ልጅ፣ ጭሮ ተመድባ። የተያየነው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሷ ከመዘምራን ጋር ስትቆም እኔ ወንበር ስደረድር። ገና ስታየኝ ድርቅ ብላ ቀረች። አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ሞኙ፣ ቁመናዬ ነው ብዬ! ከዚያ ሁለት ዓመት ስንቀጣጠር አንድ ልማድ ነበራት። ሻይ ቤት ገብተን የእኔ ሻይ ሲመጣ መጀመሪያ እሷ ታነሳዋለች፣ አፍንጫዋ ጋ ታደርሰዋለች፣ ፈገግ ትልና ትሰጠኛለች። የጤና ባለሙያ ስለሆነች ንጽህናውን እያረጋገጠችልኝ ነው ብዬ ለጓደኞቼ ጉራ እነዛ ነበር። ስለ ፊልሙ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ምን ብዬ? አባቷ ኦቦ ገመቹ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። መጠጥ የቀመሰ ሰው የግቢያቸውን በር አያልፍም ይባላል። ልጅቷን ላጣት ነው እንዴ በሁለት ሜትር ፊት?

የዛሬ ሁለት ዓመት ጥቅምት ላይ ሽማግሌ ላክሁ። ፊት ሆነው የሄዱት ጋሽ ከበደ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር፣ ውሸት ከአፋቸው የማይወጣ ሰው። ገለምሶ ደርሰው ተመለሱና «አባትየው ልጁን ራሱን አምጡት፣ ዓይኑን ልየው ብለዋል» አሉኝ። እንግዲህ ሽማግሌ የሚልከው ሰው ራሱ አይሄድም ነበር በእኛ አገር። ደነገጥኩ። ግን ሄድኩ።

ታኅሣሥ ነበር፣ ቅዳሜ፣ የቡና ወቅት። ግቢያቸው ሙሉ ቡና ተሰጥቷል። መሀል ለመሀል አንድ ሰፊ ነገር ተነጥፎ በላዩ ላይ ጀንፈሉ፣ ገና ያልተፈለፈለው ቡና፣ ክምር ብሏል፤ ከታች ያለው ነገር አይታይም። እኛ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። የሌንሳ እናት አዴ ጫልቱ ሆጃ አቀረቡልን፤ የቡና ገለባ ተፈልቶ ወተት የሚገባበት፣ ጨው ጣል የተደረገበት። ሌንሳ በር ላይ ቆማ መሬት መሬት ታያለች።

ኦቦ ገመቹ ረጅም፣ ቀጭን፣ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ውስጥ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለም፣ ጋሽ ከበደንም አንተ ነው የሚሏቸው። ትኩር ብለው አዩኝ። አሁንም አዩኝ። «አንተ፣ የት ነው የማውቅህ?» አሉኝ። እኔ እርስዎን ሳይ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው አልኩ። እሱስ እውነት ነው።

«መጠጥስ?» አሉ።

ጋሽ ከበደ ቀደሙኝ። «ኦቦ ገመቹ፣ የዚህ ልጅ አፍ መጠጥ አያውቅም። ይሄን ስናገር ነገ በጌታ ፊት እንደምጠየቅበት አውቄ ነው» አሉ። ሽበታቸውን ይዘው ማሉልኝ ማለት ነው። ኦቦ ገመቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ ሊያምር ነው ብዬ እጄን ማሻሸት ጀመርኩ።

ሰማዩ ያን ጊዜ አጉረመረመ። በታኅሣሥ! «ሮባ! ሮባ!» ብለው አዴ ጫልቱ ጮኹ፤ ዝናብ መጣ ማለታቸው ነው። ቡና ሲሰጣ ዝናብ ከመጣ እንግዳ የለም፣ ሽማግሌ የለም፤ ቤቱ ሁሉ ይነሳል። ጋሽ ከበደ ሳይቀሩ ኮታቸውን አውልቀው ጆንያ ያዙ። እኔማ አማቼ እያዩኝ ነው! መጥረጊያ ነጥቄ እንደ እብድ ጀንፈሉን ወደ ክምሩ መግፋት ጀመርኩ። «ጎበዝ!» አሉኝ ኦቦ ገመቹ። ይባስ ብዬ ገፋሁ።

ከቡናው ስር መጀመሪያ ሰማያዊ ወጣ። አልገባኝም። ቀጥሎ የእጅ ጣቶች ወጡ። አሁንም አልገባኝም። ቀጥሎ የጠርሙስ አንገት ወጣ። ይሄን ጠርሙስ የማውቀው መሰለኝ። አንዴ ጠረግ ሳደርግ ግማሽ የተከደነ ዓይን፣ የሻይ ሰሃን የሚያህል፣ ከመሬት ቀና ብሎ አየኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉ የለ? የእኔው በመጥረጊያ ጠራ። ያውም በገዛ እጄ!

ምን ላድርግ? ሰው ሲደነግጥ የሚያደርገውን አያውቅም። መጥረጊያዬን አዞርኩና ቡናውን መልሼ ፊቴ ላይ መጥረግ ጀመርኩ። ሁሉም ወደ ክምሩ ይሰበስባል፣ እኔ ብቻ ከክምሩ እበትናለሁ። እነሱ ይገፋሉ፣ እኔ እመልሳለሁ። ዝናቡ ይወርዳል። «ምን ነካው?» አሉ አዴ ጫልቱ። እኔ አፍንጫዬን እየሸፈንኩ ነው። ባነሩ ደግሞ ረጥቦ ያንሸራትታል። ወደ ግራ ተንገዳገድኩ፣ ወደ ቀኝ ተንገዳገድኩ። ከኋላዬ የጎረቤት ድምፅ «ሰክሯል እንዴ?» ሲል ሰማሁት። ከዚያ እግሬ ከዳኝና በደረቴ ዘጭ አልኩ። ቀና ስል ጉንጬ ከጉንጬ ጋር ገጥሟል። መጥረጊያው ወደ ሰማይ ተነስቶ እጄ ላይ አለ፣ ልክ እንደ ጠርሙሱ።

ሰዉ ሁሉ ቆመ። ባነሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ባነሩን አዩ። ጋሽ ከበደ ጆንያው ከእጃቸው ወደቀ። የእሳቸውን ፊት ከማይ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር። በጌታ ፊት እጠየቅበታለሁ ብለው ገና አፋቸው አልደረቀም እኮ።

መጀመሪያ የተናገሩት አዴ ጫልቱ ናቸው። «ማቾፍቱ ኬኛ!» ብለው እጃቸውን አጨበጨቡ። የኛ ሰካራም ማለት ነው። የእናንተ? ከመቼ ጀምሮ? ኦቦ ገመቹ በዝናቡ ውስጥ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «ሃሌሉያ!» አሉ። ከዚያ ከመሬት አነሱኝና አቀፉኝ። እንባ አይቼባቸዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ምናምን ዓመት ጭሮ ለገበያ ሄደው ባነሩን ከጋሽ ሽፈራው የወሰዱት ደህና ሰው እሳቸው ናቸው። ርዕሱ ስለተቆረጠ ፊልም ይሁን ምን አላወቁም። የመጠጥን ክፋት ለማስተማር ፎቶ የተነሳ እውነተኛ ሰካራም መሰላቸው። እናም በየዓመቱ ቡና ልንሰጣ ስንዘረጋህ፣ አሉኝ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ዙሪያህን ቆሞ ይጸልይልህ ነበር። ስምህን ስለማናውቅ «ይሄን ሰውዬ» እያልን። ሦስት ዓመት! «ይኸው ነፃ ወጥተህ በእግርህ ቤቴ መጣህ! በል ንገረን፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የተውከው?»

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ባለፈው ዓመት ነው የተውኩት ብል ሙሽራ ነኝ፤ ነገሩ አልቋል፣ አባትየው አቅፈውኛል። ግን ጋሽ ከበደስ? በሽበታቸው የማሉት ውሸታም ሆነው ሊቀሩ ነው። ሌንሳን አየኋት። እሷ ደግሞ ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም።

«ሻይ ነው» አልኩ።

«ምኑ?» አሉ ኦቦ ገመቹ።

«ጠርሙሱ ውስጥ ያለው። ቀዝቃዛ ሻይ ነው። ፊልም ነው፣ አባባ። እኔ ጠጥቼ አላውቅም።»

አዴ ጫልቱ ባነሩን ዘንበል ብለው አዩና «ሻይ እንዲህ ያደርጋል?» አሉ።

ኦቦ ገመቹ ክንዳቸውን ከትከሻዬ አነሱ። ሄደው በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «እና እኛ ሦስት ዓመት የጸለይነው ለማን ነው?» አሉ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የዋላችሁት ልበላቸው? ከዚያ ያሉትን እስከምሞት አልረሳውም። «እኔ ሰካራሙን ሦስት ዓመት አውቀዋለሁ። ልጄን ለሱ ብሰጥ አይቆጨኝም ነበር። አንተን ግን ዛሬ ነው ያየሁህ» አሉኝ።

ወይ የእኔ ነገር! በገዛ ፊቴ ልቀደም? በሌለ ሰካራም?

ይሄን ጊዜ ሌንሳ ከበሩ ወጣች። «አባ፣ እኔም ጭሮ መጀመሪያ ሳየው ሰካራሙ መስሎኝ ነው» አለች። «የጸለይኩለት ሰው በአካል ቆሞ ወንበር ሲደረድር አይቼ ልወድቅ ነበር። እንዳላሳፍረው ብዬ አልጠየቅኩትም። ግን እንዳይመለስበት ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ብርጭቆውን አሽትቻለሁ። አንድ ቀን አልዋሸም። ሁልጊዜ ሻይ ነው።»

የዚያን ቀን ከተደነገጠው ሁሉ የበለጠ የደነገጥኩት እዚህ ላይ ነው። ንጽህና ብዬ እኮ ነው ጉራ ስነዛ የኖርኩት!

ኦቦ ገመቹ ልጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ዝናቡ የሚቀጠቅጠውን ፊቴን አዩ። «እንግዲያስ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ጸሎታችን ቀድሞ ነው የተሰማው። ሳይጀምር ነው ያስተወው።» ጋሽ ከበደ «አሜን!» ያሉት አባባል ጎረቤት ድረስ ተሰምቷል። ሴቶቹ እልል አሉ። ሌንሳ ተሰጠችኝ።

ደስታ ሰውን ያደፋፍራል። ወጥቼ ልሄድ ስል ጠጋ ብዬ «አባባ፣ እንግዲህ ቤተሰብ ሆነናል። ያንን ባነር ይስጡኝና ላቃጥለው» አልኳቸው። አሁን በተራቸው እሳቸው ደነገጡ። በሕይወቴ እንደዚያ የደነገጠ ሰው አላየሁም፣ ራሴን ጨምሮ። «ልጄን ውሰድ» አሉኝ። «ባነሩን ግን አልሰጥም። ቡናው የት ይሰጣ?»

አልሰጡኝም። አሁን በየታኅሣሡ አማቼ ቤት ሄጄ ቡና አገላብጣለሁ። መሬቱ መሀል ላይ ጎድጎድ ስለሚል ባነሩ ላይ አፌ ያለበት ቦታ እርጥበት ይቋጥራል። ኦቦ ገመቹ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ሆጃቸውን እየጠጡ ያዝዙኛል። «አፉ ጋ ደጋግመህ አገላብጥ» ይሉኛል፣ «እሱ ቶሎ አይደርቅም።»